የሱኒቫ ካሬ

በርገን ላይ ሱኒቫ ምድርን ሸነሸነች፣
ባሕሩን፣ ሰማዩን በካሬ ከፈለች፤
መቶ ኪሎሜትር ያንዱ ካሬ ጎኑ፣
አንድ ነፋስ፣ አንድ ሙቀት ተሰጠው ለቀኑ።
ደመናው ግን ደቃቅ፣ ወንፊቱን አለፈ፤
በእሱ ቦታ ግምት በእጇ ተጻፈ።

አባቷ ደወለ ከኡትሲራ ደሴት፦
«ነገ መረብ ልጣል? ምን ይላል ያ ስሌት?»
«ነገን አይነግርህም፤ ዘመን ነው የሚለካ።»
«ደሴታችንስ?» «ከካሬው አንሳ፣ ባሕር ሆናለች ለካ።»
ሳቀ፦ «እንግዲያስ በጎቼ መዋኘት ችለዋል!»
«አርባ ጊዜ አስኬድኩት፤ አርባው ተለያይቷል፤
አንዱ ቶሎ ሞቀ፣ ሌላው ዘገየና፤
የቀዘቀዘ ግን ከአርባው የለምና…»

ስልኩ ዝም አለ። ቶርላይፍም ማግስቱን፣
ወደ ዳገት ሊያወጣ የጀልባ ቤቱን፣
ድንጋይ ይለቅም ጀመር።
ባሕሩ ተኝቷል።