አይ ላይክ

የሳቢያን ማታ ክፍል፣ ቆርቆሮው እንደጋለ፣
ማራገቢያው አንዴ ዞሮ አንዴ እየዋለለ፣
ቲቸር ሙሉመቤት «አይ ላይክ» ብላ ጻፈች፤
«‹አይ›ን ፊት አድርጉ፣ ሌላው ይከተላል» አለች።

ባጃጅ ነጂው ድሪባ «አይ ላይክ ማንጎ» አለ፤
እኔም ፉል ወደድኩኝ፤ ትምህርቱ ቀለለ።
«ላቭ» ይበልጣል አለች፣ ለእናትም ለሙዝም፤
«ቴስት» ምላስ ላይ አለ፣ መጋረጃ ሲገዛም።

ኒእማ ላይ ሲደርስ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ሰባት ወሯ፣
ሆዷን ደግፋ ቆመች፣ ላብ ወርዶ ከግንባሯ።
«ቲቸር፣ እኔ ሮቃ ወድጄ አላውቅም፤
ጥርሴን ያጠርሰዋል፣ ሽታውን አልችልም።
ግን ሌሊት ይመጣል፣ ይቀሰቅሰኛል፤
አማረኝ ነው እንጂ ወደድኩ መች ይባላል?
ራበኝ፣ ጠማኝ፣ አሰኘኝ፣ ናፈቀኝ፦
አድራጊው ሌላ ነው፤ እኔ ጭራው ላይ ነኝ፣
‹ኝ› ላይ ተንጠልጥዬ። ‹አይ› የቱ ጋ ልግባ?»

«እነሱ ነጂ ናቸው» አለና ድሪባ፣
«እኛ የኋላ ወንበር፤ መሪ የያዘው እሱ ነው፣
አምሮቱ። አቦ፣ ሒሳብ ግን የኛ ነው!»

ሙሉመቤት ዳስተር ይዛ ቆማ ቀረች፤
«ክሬቭ» ጽፋ ነበር፤ አየችው፤ አጠፋች።

የደቻቱን አሸዋ ለአራት ተሻገርን፤
መጋላ ጨልሟል፤ አንድ በር አስከፈትን።
ኒእማ ሮቃውን ቆማ መጠጠችው፤
ለቲቸርም አንድ ፍሬ መዳፏ ላይ አኖረችው።

ቀመሰች። ዓይኗ ጠፋ። ፊቷ ተጨማደደ።
«አይ...» አለች፤ ቀሪው አፏ ውስጥ ነደደ።
የእንግሊዝ ይሁን «አይ»ዋ፣ ወይ የአማርኛ፣
አልጠየቅናትም። «እስቲ» አልን «ለኛ»።