የነሐሴ ፎቶ

ከፖስታ ቤት ማዶ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሸጥኩት ጢስ ዓባይ
ከወንበሬ ጀርባ፣ በአራት ሚስማር ቆሞ፣
ሳያርሰኝ ይወርዳል፣ ደግሞ ደጋግሞ።
ነሐሴ ነው ሁሌ እዚያ ፎቶ ውስጥ፤
ቸርችል ላይ በጋ ሆኖ አስፋልቱ ሲቀልጥ፣
የሕንፃው ቧንቧ እንኳ ሦስት ቀን ሲደርቅ፣
እሱ ይፈስሳል እንጂ ወሩን አይጠይቅ።

«ጠዋት በአውሮፕላን፣ ለማታ አዲስ አበባ፣
ምሳ ከነዓሣው፣ አስጎብኚ፣ ጀልባ፣
ሁሉም በአንድ ዋጋ» እላለሁ በስልክ።
«ያምራል ግን?» ይላሉ።
«ኧረ! ሲያዩት እንባ ይመጣል» እላለሁ፣
ጥፍሬን እየሞረድኩ፣ ፀሐይዋ መስኮቱ ላይ ስትንበረከክ።
ውሸት አይባልም፤ እዚያ ቆሞ እንባው የመጣ ሰው
ፖስት ካርድ ልኮልን ነበር፤ ያነበብኩት እኔ፣ ያየው እሱ ነው።

በመጋቢት ሁለት ሰዎች ቀሩ፣ ገንዘባቸው ሳይቀር፤
ወይዘሮ ደብሪቱ አሉኝ፣ «ወንበሩ ባዶ ከሚበር
አንቺ ሂጂበት። የጉርዱን ቁጥር፣ የምሳ ሒሳቡን
እግረ መንገድሽን አጣርተሽ ነይ ሁሉን።»

ከስታዲየም ጀርባ፣ ሊነጋጋ ሲል ሌሊት፣
ኩምሳ የሚኒባሱን መስተዋት ሲወለውል ከፊት፣
ልሳነወርቅ መጣ፣ ዝርዝሩን ይዞ፣ አስጎብኚያችን፤
በየቀኑ ከረሜላዬን የሚሰርቅ ልጅ፣ «ደህና አደሩ፣ እንግዳችን!»
ሁለት ሙሽሮች ነበሩ፣ የጣታቸው ሂና ያልለቀቀ።
አንድ የባንክ ጡረተኛ፣ አቶ ሸዋቀና፣
ጃንጥላ ይዘዋል፤ «ይረጫል አሉና።»

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው።

አለት። ሰፊ፣ ጥቁር፣ የተራቆተ ጀርባ።
ጥጉ ላይ አንድ ክር ውሃ፣ ሸማኔ የረሳው።
ነፋስ ሲመጣ ክሩም ይጠፋል።
የአቶ ሸዋቀና ጃንጥላ ተከፈተ፤
ለፀሐይ።

«ውሃው የት ሄደ?» አለች ሙሽሪት።
ልሳነወርቅ፣ አሥር ደቂቃ የሚፈጅ ንግግር በቃሉ ያለው ሰው፣
አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው።
ኮፍያውን አወለቀ።
«እናንተ ጋ ነው» አለ።
«ከላይ በቦይ ይወስዱታል፣ ተርባይን ያዞራል፣
ከዚያ ሽቦ ላይ ወጥቶ ይሄዳል።
ፍሪጃችሁ ውስጥ ይሆናል አሁን። ወይ ካውያ ላይ።
እኛ ወደ እሱ ስንመጣ እሱ ወደ እናንተ ሄዶ ተላለፍን።»
ማንም አልሳቀም።
አቶ ሸዋቀና ብቻ፣ ለራሳቸው፣
«ቆጣሪዬ ለምን እንዲህ ይሮጣል ስል!»

ዓሣው ጥሩ ነበር። ሒሳቡም ልክ ነው።

ማታ ስንመለስ፣ ከአውሮፕላኑ መስኮት፣
አዲስ አበባን አየኋት፣ ስትወርድ በመብራት፤
ከእንጦጦ ግርጌ ተነሥታ፣ ፒያሳ ላይ ጠብባ፣
ቸርችልን ተወርውራ ለገሃር ስትገባ።
አቶ ሸዋቀናን እንቅልፍ ወስዷቸዋል፤
ጃንጥላው ጭናቸው ላይ፣ ደርቆ ተጣጥፏል።

ኩምሳን «እዚህ አውርደኝ» አልኩት፣ ፖስታ ቤቱ ጋ።
ጉርዶቹን መሳቢያ ውስጥ ላስቀምጥ ነበር፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።
ሊፍቱ እንደተለመደው ቆሟል።
ደረጃውን በስልኬ ባትሪ ወጣሁ፣
በሩን ከፈትኩ፣ ማብሪያውን ተጫንኩ።
ሸምበቆው መብራት ሁለቴ ጠቀሰ፣ በሦስተኛው ያዘ፣
ከዚያ ያን ድምፁን ጀመረ፣ ዝዝዝዝ፣
«ይቀየርልን» እያልኩ በየዓመቱ ማመልከቻ የምጽፍበትን።

ፎቶው ከሥሩ ነጭ ሆኖ ይወርዳል።
ጫማዬን አወለቅኩ። የዓባይ አቧራ አለበት።
ወንበሬን አዞርኩና፣ በአሥራ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ
ፊቴን ወደ እሱ አድርጌ፣
ተቀምጬ ሰማሁት።

ጠዋት ስልኩ ጮኸ።
ሴትዮዋ ከነልጆቿ ናት፤ ዋጋ ጠየቀች፣ ነገርኳት።
«ያምራል ግን?»
ሞረዱ እጄ ላይ ነበር።
«መቼ ነው የምትሄዱት?» አልኳት፣
ማንንም ጠይቄ የማላውቀውን።