የክሩ ርዝመት

ሽማግሌው ሪማንታስ መነጽሩን ሰክቶ፣
ያረጀ አትላሱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፣
ከቪልኒዩስ ነጥብ ነጭ ክር አስነሥቶ፣
በባልቲክ፣ በስዊድን አሻግሮ ጎትቶ፣
በርገን ላይ ያቆማል፤ በእጁ ለክቶ።
«ስንዝር እንኳ አትሞላም!
ሺህ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ከምናምን፣ ሁለት ሰዓት በረራ።
ልጄ ማዶ ሰፈር ናት» ይላል፣ ለጎረቤት ሲያወራ።

ልጁ ዳንጉዎሌ፣ ከበርገን ዓሣ ፋብሪካ
ቢላ ይዛ የምትውል፣ መንገዱን ስትለካ
ስንዝር አታውቅም እሷ፤
የሌሊት አውቶቡስ፣ ወረፋ፣ ጫማ ማውለቅ፣
«ፈሳሽ ነው» ተብሎ ፍተሻ ላይ የቀረ የእንጉዳይ ብልቃጥ፣
በማያውቁት ሰው ትከሻ ማንቀላፋት።

ስትሄድ በአንድ ተነሥታ በሁለት ትደርሳለች፤
ሁለት ሰዓት በርራ አንዷን ታተርፋለች።
«አባዬ፣ ሰማዩ አንድ ሰዓት መረቀልኝ!» ትለዋለች።
«ብድር ነው» ይላታል፣
«ስትመጪ ትከፍያለሽ።»

ረቡዕ ሌሊት ስልኳ ጮኸ።
አውሮፕላኑ ያለው ማክሰኞና ቅዳሜ ብቻ ነው።
የሁለት ሰዓት መንገድ
ሦስት ሌሊት ፈጀ።
ቅዳሜ፣ ከደመናው በላይ፣
የእጅ ሰዓቷን አንድ ወደፊት አዞረች።
ብድሩን ከፈለች።

ከቀብር መልስ፣ ሰው ሲበተን፣
አትላሱ እንደተዘረጋ ነው፤
ክሩም፣ ጫፉን የሻይ ማንኪያ ተጭኖት፣ እንዳለ።
አውራ ጣቷን በርገን ላይ ተከለች፣
መዳፏን ዘረጋች፣ እስኪያማት ዘረጋች።
በአባቷ እጅ ስንዝር ያልሞላው
ከእሷ ስንዝር ተርፎ
ቪልኒዩስ ሳትደርስ ቀረች።