የነፋሱ ሂሳብ

ሥራዬ እንዲህ ነው፤ ቆጣሪ ማንበብ ትቼ ጡረታ ከወጣሁ፣
በዓይናቸው ላላዩት ሰዎች መሬት አይቼ እነግራለሁ።
በአርባ አምስት ዶላር፣ ነዳጁ በእኔው ሆኖ፣
አሮጌ መኪናዬ በአቧራ ውስጥ ባዝኖ፣
አራቱን ማዕዘን፣ የብረቱን ችካል፣
አንስቼ እልካለሁ፤ ደንበኛ ይረካል።
ካልረካም ይተዋል።

ሎሬታ ዊቻክ ደወለች፣ በመጋቢት፣ ረቡዕ ማታ፣
ከኦሃዮ፣ ከቶሌዶ፣ ከሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ፣ ከማሽኑ ጫጫታ።
"አምስት ኤከር ነው" አለች፣ "አሪዞና ውስጥ፣ ከእናንተ ሰፈር።
በዕድሜዬ ገዝቼ አላውቅም፣ እንኳን መሬት፣ እንኳን አፈር፤
አበባ ስተክል እንኳ በቆርቆሮ ነበር።
በወር ዘጠና ዘጠኝ ዶላር፣ ያለ ቅድሚያ፣ ያለ ወለድ ይላል፤
ሻጩ አፉ ማር ነው፤ 'ዛሬ ካልፈረምሽ ነገ ሌላ ይወስደዋል።'
ፎቶው ላይ ዛፍ አለ፤ ጥድ ነው መሰለኝ፤
እሱ ነው፣ እውነቱን ልንገርህ፣ የማረከኝ።"

በነጋው ነዳሁ። አስፋልቱ አልቆ፣ ጠጠሩም አልቆ፣
መንገድ የተባለው ከሰው አጥር ኋላ ተደብቆ፣
በእግሬ ገባሁ።
ስልኬ "ደርሰሃል" አለኝ፤ የደረስኩበት ግን ምኑም አይታወቅም፤
ቀይ አፈር፣ ግራጫ ቁጥቋጦ፤ ከዚያ ውጪ ቀለም የለም።
አንዱን ችካል አገኘሁ፣ ዝገት በልቶት፣ አናቱ ላይ ቀይ ጨርቅ፤
ሁለተኛውንም፤ ሦስተኛውን ጎርፍ ወስዶታል፤ አራተኛው ሩቅ።
ዛፉስ? ዛፉ አለ። ያምራል። ጥላው ሥር ጥንቸል ተኝታ።
ግን ከመስመሩ ወዲያ ነው፤ አርባ እርምጃ፣ በሌላ ሰው ቦታ።

ደወልኩላት። ምሳ ላይ ነበረች፤ ስታኝክ ይሰማል።
"ዛፉ ያንቺ አይደለም። መንገድም የለውም። ጎርፍ በመሃሉ ያልፋል።
ለመግባት የሽማግሌውን የግሪግስቢን አጥር መዝለል አለብሽ፤
ፈቃዱን በጽሑፍ ካልሰጠ፣ ባለመሬት ነሽ፣ ግን መግቢያ የለሽ።"
ዝም አለች። ማሽኑ ብቻ ይዞራል፣ የበሽተኛ አንሶላ ያላምጣል።
እኔም ዝም አልኩ፤ ቆጣሪ ያነበበ ሰው፣ ቁጥሩ እስኪቆም መጠበቅ ያውቃል።

"ሠላሳ አንድ ዓመት" አለች፣ "ሦስተኛ ፎቅ ተከራይቼ፣
የላዬ ሰው ወንበሩን ሲጎትት፣ ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰምቼ፤
የታቿ ደግሞ ጣሪያዋን በመጥረጊያ እንጨት ስትቆረቁር እስኪነጋ።
እስቲ ንገረኝ፣ እዚያ ከላዬ ማን አለ?"
"ማንም። አንድ ጭልፊት፤ እሱም ባንድ ቦታ አይረጋ።"

"ስልኩን ወደ ላይ ያዘው" አለች። "ምን ልታዪ?" "ልስማ።"
እጄን ዘረጋሁ። ነፋሱ የግሪግስቢን አጥር ዘሎ መጣ፤
ማንንም ሳይጠይቅ፣ ሳያቅማማ።
አሥራ አምስት ደቂቃ እንዲህ ቆምኩ፤ ክንዴ ዛለ፤ እጅ ለወጥኩ፤
ከጥንቸሏ በቀር የሚያየኝ ሰው ይኖር ይሆን ብዬ ዞር ዞር አልኩ።
ወዲያ የፈረቃ ደወል ጮኸ። "በል ደህና ዋል" አለች፤ ዘጋች።
ስለ ዋጋው፣ ስለ ውሉ፣ አንድ ቃል አልተነፈሰች።

ባለቤቴ ቨርና "ላም አለኝ በሰማይ" ትላቸዋለች፣ ደንበኞቼን ሁሉ፤
በእራት ሰዓት ሳወራላት፣ "ወተቷን ሳያዩ የሚከፍሉ።"
ሌላ ጊዜ እስቃለሁ። የዚያን ማታ ግን
ክንዴን አሻሸሁ፤ ዝም ብዬ በላሁ።

በሳምንቱ ፖስታ መጣ። ቼኩ ስልሳ ዶላር ይላል።
ተሳስታለች፣ ልመልስላት ስል፣ ከጀርባው ተጽፏል፦
"አርባ አምስት ለፎቶው፣ ለችካሉ፣ ለእውነቱ።
አሥራ አምስት ለነፋሱ።" ፊርማዋም አለ፣ ከነቀኑ፣ ከነሰዓቱ።

ትግዛ አትግዛ አላውቅም። መዝገብ ቤት ገብቼ ማየት እችላለሁ፤ አላየሁም።
በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ግን ቀይ ጨርቁን ሳላጠብቅ አላልፍም።
ጎርፍ የወሰደውን ሦስተኛውን ችካል፣ በሐምሌ ቦዩ ውስጥ ሳገኘው፣
መኪናዬ ላይ ጫንኩት። እስካሁን እዚያው ነው፤
ለማን ልመልሰው?