የይዞታ ታሪክ

«ተቀምጦ ያለ ቡድሃ፤ ነሐስ፣ በወርቅ የተለበጠ።
የአንድ መኮንን ነበረ፤ ለልጁ በውርስ የተሰጠ፤
ዛሬ የአንድ የዙሪክ ሐኪም ንብረት።»
ይላል የጨረታው መዝገብ። ከመኮንኑ በፊት
ያለው መስመር ባዶ ነው።

ድሮ፣ አንጥረኛው ጭቃ አልብሶ ሰሙን ከእሳት ሲጨምረው
ሰሙ ቀልጦ ፈሰሰ፤ ነሐስ ገባ በፋንታው።
ወርቁን ስንቱ መዘነ!
ሰሙን ማን ጠየቀው?

ፓታን፣ ከጡቡ ግቢ ውስጥ፣ ሂራዴቪ አሮጊቷ
ዛሬም ጎህ ሲቀድ ትመጣለች፣ ሩዝ ጨብጣ በመዳፏ።
ለባዶው መስኮት ትበትናለች፤ ርግብ ይለቅመዋል።
«ቀኝ ጉልበቱን ብታዩት» ትላለች፣ «የእናቴ ጣት ልጎታል፤
የኔም።»

መዝገቡም አልዘለለውም፤ ከግርጌ፣ በደቃቅ ፊደል፦
«ቀኝ ጉልበቱ ተፍቋል።»
ስለዚህ ከመነሻው ዋጋ ጥቂት ተቀንሷል።