ክዳን

ከፍርድ ቤቱ አጥር ጥግ፣ ከጃንጥላዬ ሥር፣
ሶኬት የለም። ሌሊቱን የሞላሁት ነው
ቀኑን ሙሉ የምመነዝር።

ጧት ጉሙ ከጦሳ ተንከባሎ ሲመጣ፣
ክዳኑን ገልጬ መጀመሪያ የማየው ጥግ ያለችውን ቁጥር ነው፤
ቀኑ በስንት ወጣ?

ሰማንያ ከሆነ ደግ ነው፤ ሦስት አቤቱታ፣ አንድ ይግባኝ፣
አንድ የውክልና ረቂቅ፣ ወሬ ካልያዘኝ።
ስልሳ ከሆነ እጄ ይሰበሰባል፤
ዋይፋዩን አጠፋለሁ፤ ብርሃኑን አደበዝዛለሁ፤
ባለጉዳዩ «መብራት ሄደ እንዴ?» ብሎ አንገቱን አስግጎ ያያል።

ባለፈው ወር ሸዋ በር፣ እንድሪስ ጥገና ወሰድኩት።
አንድ ትእዛዝ ጻፈ፣ አንድ ገጽ ተዘረጋ፤ ቆሜ አየሁት፦
ሲሠራ ይይዝ የነበረው ሃምሳ ሺህ፣
ዛሬ የሚይዘው አሥራ ዘጠኝ፤ ሠላሳ ስምንት በመቶ።
ሌላው የት ሄደ? በሰው ክስ፣ በሰው ርስት
ተመንዝሮ፣ ተበልቶ።

እንድሪስ አያዝንም፤ ያዝዛል፦
«ከሰማንያ አታሳልፊ፣ ከሃያ አታውርጂ፤
ኮምቦልቻ ስትሄጂ መኪና ውስጥ ለፀሐይ አትተይው፤
ብርድ ልብስ ላይ አስቀምጠሽ በትኩሳት አትፍጂ።»
«አዲስ ባትሪስ?» አልኩት።
ዋጋውን በጣቱ ጠረጴዛው ላይ ጻፈ፤
የዜሮው ብዛት ከአቧራው ተረፈ።

ዛሬ ማክሰኞ፣ ከቀትር በኋላ፤ አሥራ አንድ ቀርቶኛል።
ከኩታበር የመጡ ሽማግሌ ፊቴ ተቀምጠዋል፤
አራጋው ሽበሺ። ክሳቸው የወሰን ነው፣ ድንጋይ ተነቅሎ፤
ግን የጀመሩት ድንጋዩን ከተከሉት አያታቸው ነው፣
ከዋርካው፣ ከዋርካው ጥላ፣ ከአንድ ሠርግ፣ ከጠፋች በቅሎ።

«አባባ፣ ያሳጥሩልኝ፤ ዘጠኝ ገባ።»
«ዘጠኝ ሰዓት?»
«አይ፤ የዚህ ዕድሜ።»
ቀይዋን ቁጥር አዩ። እኔን አዩ።
«ታዲያ ምን ከፍተሽ አስቀመጥሽው? ኩራዝ እንኳ ለወሬ አይበራም።
ዝጊው፤ እኔ ልጨርስ፤ ያኔ ትጽፊያለሽ፤ ነገሬ አይጠፋም።»

ዘጋሁት።
በአሥራ አንድ ዓመት ሥራዬ፣
እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ የሰው ነገር እስከ ዳር ስሰማ
የመጀመሪያዬ።
ከአያትየው እስከ በቅሎዋ፣ ከበቅሎዋ እስከ ድንጋዩ፤
ለካ ተከሳሹ አማቻቸው ነው፤
ሦስት ክረምት ሆናቸው ሰላም ሳይባባሉ፣ ሳይተያዩ።

ስከፍተው ስምንት ይላል።
ሰባት መስመር ጻፍኩ፤ ሌላ ጊዜ ሁለት ገጽ ይፈጃል።
«ተከሳሽ ድንጋዩን ወደ ቦታው እንዲመልስ።»
«ራሱ» አሉ ሽማግሌው፤ «ሰው ልኮ አይደለም፤ ራሱ መጥቶ፣
እኔ ቆሜ እያየሁት።»
ራሱ የሚለውን ጨመርኩት።

ሸምሱ ፍላሹን ይዞ በጭቃው እየዘለለ
ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት ሮጠ። አራት ቀረ።
እንድሪስ ይህን አልነገረኝም፤ በዚያ ገጹም የለ።

ጉሙ ተመልሶ ጃንጥላው ላይ ሲሰፍር
አንዲት ሴት ከበርጩማው ጫፍ ተቀመጠች፣
በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት ይዛ።
መዳፌን ክዳኑ ላይ አሳረፍኩና
«ይንገሩኝ» አልኳት፣ «ከሥሩ።»