ሁለት ሜትር በሜትር ተኩል

ነሐሴ ነው፤ መናማ በላብ ተነክራለች፤
የሱቃችን መስታወት ከውጭ በኩል ያለቅሳል።
ወረቀት ርጥበት ይፈራል፣ እንደ ድመት ውሃ ይሸሻል።
አለቃዬ ሳጂ ጥቅሉን በላስቲክ ያለብሳል፤
«ማቀዝቀዣው ቢቆም ከደሞዝህ ነው» ይለኛል።

አንድ አባት መጣ፣ ከዐስር ሶላት መልስ፣
ካርዷን በሁለት ጣት ይዞ፣ እንደ አንዲት ፍሬ ገብስ።
«ልጄ ናት፣ ዳና፤ ሦስት ዓመቷ።
ሁለት ሜትር በሜትር ተኩል፣ ከመጅሊሱ በር ፊት ለፊት፣
ገና ጫማውን ሲያወልቅ እንግዳ እንዲያያት።
ሽፋሽፍቷ ይቆጠር» አለ።
«አማና» አለ ደግሞ። አደራ ማለቱ ነው።

ከፈትኩት።
ካሜራው የዋዛ አይደለም፤ አርባ አምስት ሚሊዮን ነጥብ፣
አንዷ ካንዷ ሳትጋፋ፣ የተሰደረች እንደ ሰፈፍ።
ግን ዘጠኝ ዓመት አትሜያለሁ፤ ማተለቅ መለጠጥ ነው፤
ፊኛም ይነፋል እኮ፣ ቀለሙ ነው የሚሳሳው።
ለዚህ ስፋት ሳካፍለው፣ ለአንድ ኢንች ዘጠና ሦስት ደረሰኝ፤
ከሦስት እርምጃ ለሚያይ ይበቃል፣
አፍንጫውን ለሚያስጠጋ ሦስት መቶም ያንሰዋል።

ስለቱም አለ።
በኛ ቋንቋ ቢላም ይሳላል፣ ሥዕልም ይሳላል፤
ይህን ለሳጂ ብነግረው ይስቃል።
በልክ የተሳለ ይቆርጣል፤
ልክ ሲያልፍ በየጠጉሩ ዳር ነጭ ክር ይፈትላል፣
ፎቶው ዝም ብሎ ማሽኑ ያወራል።

አጉልቼ ገባሁ።
ከግንባሯ ጀመርኩ፣
አቧራ እየለቀምኩ በጉንጯ ወረድኩ።
ከከንፈሯ ጥግ የኬክ ፍርፋሪ፤
ተውኩት፣ የራሷ ነው።
ወደ ግራ ዓይኗ ዞርኩ።
ብሌኗ ውስጥ መስኮት አለ፣
ከመስኮቱ ጎን አባት፣ ካሜራው ፊቱን የጋረደው፤
ከአባት ኋላ
ሌላ ሰው።

ሁለት እጇን ወደ ላይ የሰቀለች፣
ባንዱ ቀይ ነገር ያንጠለጠለች፣
ራሷ ላይ ሻሽ፣ ወገቧ ላይ ሽርጥ፣
አንድ እግሯን ያነሳች፣ ልትዘል ወይ ልትገለበጥ።

ለካ ልጅቷ የሳቀችው ለካሜራው አልነበረም።

ማን ትሆን? ያገሬ ልጅ? የሻሿ አስተሳሰር...
ወይስ የሴቡ፣ ወይስ የሲልሄት፣ ወይስ የኮሎምቦ ዳር?
አሥራ አራት ነጥብ ቁመት፣ ስድስት ነጥብ ስፋት፤
ለስም የሚበቃ ፊት የላት።
ስለቱን ጨመርኩ፤ ነጭ ክር አበጀ።
አሁንም ጨመርኩ፤ ፊት አወጣ፣
የማንም ያልሆነ ፊት፣ ከማሽኑ ሆድ የመጣ።
ደንግጬ መለስኩት።
ደብዛዛዋ ትሻላለች፤ ቢያንስ ራሷ ናት።

«ዓይኑን አጽዳው» አለ ሳጂ፣ በትከሻዬ አሻግሮ፤
«ደንበኛ የሚወደው ጥቁር ብሌንና አንዲት ነጭ ነጥብ ነው።»
እውነቱን ነው። ስንቱን ዓይን እንዲያ አጽድቻለሁ፤
መስኮት፣ መብራት፣ ሰው፣ በአንዲት ጠቅታ።
እጄ አይጧ ላይ ነበር።
ሳጂን ስልክ ጠራው፤
እኔም «አትም» የሚለውን ነካሁ።

የማሽኑ ራስ ወዲያ ወዲህ፣ እንደ ሸማኔ መወርወሪያ፤
ግንባር፣ ቅንድብ፣ ቀስ እያለ፤
ዓይኗ ጋ ሲደርስ ቆሜ ጠበቅኩ።
ብሌኗ ብርቱካን ያክላል፤
ያቺ ደግሞ ከሩዝ ፍሬ ታንሳለች፣
ቀለሙ ሳይደርቅ፣ እየዘለለች።

አባት በማግስቱ መጣ። ራቅ ብሎ ቆመ፤ «ማሻአላህ» አለ።
ቀረበ። ሽፋሽፍት ቆጠረ።
መነጽሩን ከላብ ጠርጎ ይበልጥ ተጠጋ።
«ይቺ ነጥብ ምንድን ናት?»
«ቤታችሁ ያለ ነገር ነው፣ ጌታዬ» አልኩ።
ሳቀና ከፈለ።

ለሙከራ ያተምኩት ቁራጭ፣ የመዳፍ ስፋት፣
መሳቢያዬ ውስጥ ነው።
ሥራ ሲቀዘቅዝ አወጣዋለሁ።
መጀመሪያ ፊኛ መስሎኝ ነበር ቀዩ፤ ኋላ የድስት ክዳን አልኩት።
ዛሬ ካልሲ ይመስለኛል፣
የልጅ ካልሲ።